የአሻንጉሊቷ ነጠላ

እናቴ ሰርግ ስትጠራ ምክንያት አታጣም ነበር። ወይ እግሯን ያማታል፣ ወይ ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋለች፣ ወይ ደግሞ ጠሪው ከልቡ አልጠራትም። እውነተኛውን ምክንያት ግን ለብሳው ትዞር ስለነበር መናገር አያስፈልጋትም። አባቴ ከሞተ ሦስተኛው ዓመት እየተገባደደ ነው፤ እሷ ግን ጥቁር ቀሚሷን አላወለቀችም። ነጠላዋንም የምትለብሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ አንገቷ ሥር አስጠግታ ነው። በእኛ ዘንድ ነጠላ ይናገራል። ጥለቱ ወደ ታች ከወረደ ሴትዮዋ ደህና ናት፤ ወደ ላይ ወጥቶ ፊቷ አጠገብ ከታየ ሐዘን ላይ ናት፣ ቀልድህን ያዝ ማለት ነው።

ለሙት ዓመቱ ዘመዶቻችን የሚገባውን አድርገዋል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው አሠርተው፣ «በቃሽ፣ አሁን ከልሽን አውጪ» ብለው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። እናቴ አመሰገነች፣ መረቀች፣ አብልታ አጠጥታ ሸኘቻቸው። ከበር እንደተመለሰች ልብሱን አጣጥፋ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበትና ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው። ከዚያ ወዲያ ስለ ነጭ ልብስ ያነሳባት ሰው ቡናውን ሳይጨርስ ይሄዳል።

እኔን ምን አገባኝ? ማግባት ፈልጌ ነዋ! አልሸፋፍነውም። እኔ በሴቶች ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ አስተምር ነበር፤ እሱ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሳይንስ አስተማሪ ነው። ሽማግሌ ልኳል፣ እናቴም እሺ ብላለች። ቀን ግን አልቆረጠችም። «በጥቁር ልብስ ልጄን አልድርም» ትላለች፤ ጥቁሩንም አታወልቅም። «መቼ ነው የምታወልቂው?» ሲሏት «ሳወልቅ ታያላችሁ» ነው መልሷ። አብረውኝ የተማሩት ልጅ ታቅፈው በከተማችን ግንብ በር፣ በሸዋ በር ሲያልፉ እያየሁ እኔ መሐል ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ያ እንዳይበቃ፣ ክረምት ሲገባ አስተማሪዎች ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ይዛወራሉ የሚል ወሬ ነበር። አንድ ቀን ብስጭት ብዬ «እንግዲያው እኔም ጥቁር ሻሽ አስሬ ላግባ?» ብላት፣ «ሻሹ አለኝ፣ አበድርሻለሁ» ብላኝ ወደ ጓሮ ሄደች።

የሲኒማው ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ለመምህሩ ትንሽ የሲኒማ ካሜራና ፊልም ማሳያ መኪና ትቶለት ሄደ። መምህሩ የምለው እጮኛዬን ነው፤ ያኔ በስሙ ለመጥራት አፍር ነበር። ካሜራው በቁልፍ እንደ ሰዓት የሚሞላ ነው። ጎኑ ላይ አንዲት ሽቦ ትገባበታለች፤ ሽቦዋን አንዴ ጫን ሲያደርጓት አንድ ሥዕል ብቻ አንስቶ ይቆማል።

«አሻንጉሊት ታቆሚያለሽ» አለኝ መምህሩ። «አንድ ታነሺያለሽ። ከዚያ እግሩን ጥቂት ፈቀቅ ታደርጊና ሌላ ታነሺያለሽ። እንደገና ፈቀቅ፣ እንደገና አንድ። በኋላ ተከታትሎ ሲታይ ራሱ ይሄዳል።»

«ሂድልኝ!» አልኩት፤ የሚዋሸኝ መስሎኝ ነበር። መጽሐፍ ከፍቶ አሳየኝ። ለትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ብናዘጋጀው ምን ይመስልሻል አለኝ። ምን እንሥራ ስንባባል እኔ ሰርግ ይሁን አልኩ። «ለምን ሰርግ?» ሲለኝ «ቢያንስ አሻንጉሊቶቹ ይጋቡ» አልኩት። ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ቤታችን ከሸዋ በር ገባ እንዳሉ ነው። ደህና ብርሃን የሚያስገባ መስኮት ያለው የአባቴ ክፍል ብቻ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ተዘግቷል፤ የሚገባበት የለም። እየፈራሁ ለሥራው ፈለግነው አልኳት። እናቴ «ሁለት ያልተጋባችሁ ሰዎች በር ዘግታችሁ ነው የምትሠሩት?» አለች።

«ከፍተን ነው።»

«በደንብ አድርጋችሁ ክፈቱት» አለችና እሱንም ከማተቧ ጋር አስራው ነበርና የክፍሉን ቁልፍ ከአንገቷ ፈትታ ሰጠችኝ። አቧራውን ራሷ ጠረገችው። የአባቴን ባርኔጣ ከምስማሩ ላይ አውርዳ አራገፈችና መልሳ ሰቀለችው። ሐሳቧን ሳትለውጥ ብዬ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ መጎተት ጀመርኩ።

የአሻንጉሊቶቹን አጥንት ከሽቦ ሠርተን ቡትቶ ጠመጠምንበት። ጭንቅላታቸውን ከሸክላ አፈር ጠፍጥፌ ከሰል ላይ ተኮስኩት። የሙሽራው ግንባር ተሰነጠቀብኝ፤ በማጣበቂያ ብገጥመው ጠባሳው አልጠፋ አለ። መምህሩ «ጀግና ነው በሉት፣ ጦር ሜዳ ነው የቆሰለው» አለ። ጅብ የማይጠፋበት ከተማ ነውና በሰርገኛው አጠገብ የሚያልፍ ጅብም ጨመርን፤ ለሱ አንድ ያረጀ የሱፍ ካልሲ በቃን። እግራቸው ሥር ምስማር አለ፤ እሱን የሻይ ሣጥን ክዳን ላይ እየሰካን ነው የምናቆማቸው። ክዳኑ ጫፍ ላይ ከጭቃ የሸዋ በርን አምሳያ ሠራን፤ ሰርገኛው በሱ ነው የሚገባው።

ሐረሪዋ ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ በማግሥቱ ከነመስፊያቸው መጡ። ከእናቴ ጋር ከልጅነት ጀምሮ እየተጣሉና እየታረቁ የኖሩ ሴት ናቸው። ከተረፋቸው ባለቀለም ስንደዶ ጥፍር የምታህል መሶብና ሰፌድ ሰፉልን፤ እውነተኛው ላይ ያለው ጌጥ አንዱም አልቀረም። ዐይን ግን አልሠራም አሉ።

«ልብስ ላልብስ፣ መሶብ ልስፋ፣ ዐይን ግን አላወጣም። አስተግፊሩላህ! የቂያማ ቀን ‹በይ ነፍስ ስጪው› ብባል ምን እላለሁ? ዐይኑን አንቺው ሥሪ።»

«እኔስ ብጠየቅ?» አልኳቸው።

«አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ መልስ አታጪም።»

ልብሱ ቸገረን። ገበያ ያገኘነው አቡጀዲ ነው፤ አሻንጉሊት ሲለብሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አይወርድም። እንደ ነጠላ የሳሳ፣ ጥለት ያለው ነጭ ጨርቅ ነው የፈለግነው። አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ በመቀስ ስትቆርጥ አገኘኋት። ጠጋ ብዬ ሳይ ያንን ነጠላ ነው! ዘመዶቻችን ከል ማውጫ ብለው ያመጡላትን ነጭ ነጠላ መሐል ለመሐል ከፍላዋለች።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጨርቅ አጣን አላላችሁም? ይኸው ጨርቅ። ሣጥን ውስጥ ብል ከሚበላው አሻንጉሊት ይልበሰው።»

ተንኮሏ ገብቶኛል። ነጠላው ከሌለ «ልበሺው» የሚላት የለም። እንባዬ መጣ። ጎረቤታችን ሲሰሙ ጉንጫቸውን ይዘው «ያንን የመሰለ ሸማ!» አሉ። እናቴ ግን ፊቷ እንኳ ሳይለወጥ ጥለቱን በመርፌ እየፈታች ቀጭን ቀጭን አድርጋ ከፋፈለችው፣ ለአሻንጉሊት ቁመት እንዲመጥን። ምን ይደረግ፣ አማረባቸው። ሙሽሪት፣ ሙሽራው፣ ሁለቱ ሚዜዎችና የሙሽሪት እናት ሁሉም ከዚያ ነጠላ ለበሱ።

አልብሳ ስትጨርስ በሰልፍ አቆመቻቸውና ተመለከተቻቸው። «የሙሽሪት አባት የታለ?» አለች።

አልሠራሁትም። ለመሥራት አፈሩን አንስቼ ጠፍጥፌ ነበር፤ ፊቱ ማንን እንደሚመስል ስለማውቅ እጄ እምቢ ብሎኝ አስቀመጥኩት። እሱን ልላት አልቻልኩም። «ሽቦ አለቀ» አልኳት።

እናቴ አየችኝ። «እንግዲያው ሞቷል ማለት ነው» አለችና የሙሽሪትን እናት አነሳቻት። ነጠላዋን ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ አንገቷ ሥር አስተካከለችው። «ባል የሞተባት ሴት እንዲህ ነው የምትለብሰው» ብላ ወጣች።

እሷ ከመውጣቷ ጎረቤታችን አሻንጉሊቷን አንስተው ጥለቷን ወደ ታች መለሱት። «ይኼ ሰርግ ቤት ነው ወይስ ለቅሶ ቤት? ወላሂ ሙሽራው ደንግጦ ይመለሳል!»

ቀረጻው ተጀመረ። እኔ አሻንጉሊቱን ፈቀቅ አደርጋለሁ፣ እጄን እሰበስባለሁ፣ «አሁን!» እላለሁ፤ መምህሩ ሽቦዋን ይጫናል። ፈቀቅ፣ አሁን፣ ፈቀቅ፣ አሁን። ሐኪም ከሚባለው ተራራ በኩል ደመና ሲመጣ እናቆማለን፤ ሲያልፍ እንቀጥላለን። ሙሽራው በሩን እስኪያልፍ እኛ አንገታችን ደነዘዘ። ተማሪዎቼን ጥልፍ ሳስተምር ትዕግሥት ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አልነበረኝም።

ትልቁ ችግራችን ግን ደመና አልነበረም፤ የመምህሩ አስተዳደግ ነው። እናቴ በሩ ላይ ብቅ ባለች ቁጥር «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል። ሲነሳ ጉልበቱ ጠረጴዛውን ይመታዋል። ሰርገኛው በሙሉ ይንገዳገዳል። እናቴም «በእግዜር፣ አይነሱ መምህር» ትላለች፤ አማቷ ሊሆን ነውና አንቱ ነው የምትለው። አትነሳ ትበለው እንጂ ሲነሳላት ደስ እንደሚላት ከፊቷ ያስታውቃል።

«ቁጭ ብለህ ኖር በላት!» እለዋለሁ እሷ ስትወጣ፣ የወደቀ ሚዜ እያነሳሁ።

«ቁጭ ተብሎ ኖር አለ እንዴ?» ይለኛል። «እናቴን ልታሰድቢያት ነው?»

ጎረቤታችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የገላገሉን። ሊነሳላቸው ሲል በእጃቸው አስቀርተውት፣ «ስማ ልጄ፣ ወላሂ ለእኔ ከተነሳህ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልገባም። ሥራህን ሥራ» አሉት። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሲገቡ ጎንበስ ብሎ ብቻ ሰላም ይላቸዋል። ለእናቴ ግን ምን ብንለው አልሆነም።

እናቴ ደግሞ መግባት አበዛች። ሻይ ይዛ ትገባለች። ዶሮ ገብታለች ብላ ትገባለች። በሩ በደንብ መከፈቱን ለማየት ትገባለች። ያልተጋባን ሰዎች ስለሆንን እየጠበቀችን ነው ብዬ ነበር፤ ትንሽም ያናድደኝ ነበር። ጎረቤታችንም ከመሶቦቹ አንዱን ለማስተካከል ገባ ወጣ ይላሉ። እኛ ዐይናችን ከሙሽራው እግር አይነሳም። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ የቆመችውን የሙሽሪት እናት ማን ልብ ይበላት?

የመጨረሻው ቀን ሙሽራው ደጃፉ ላይ ደረሰ፤ የሙሽሪት እናት ወጥታ ትቀበለዋለች። እሱን ስንጨርስ ፊልሙም አለቀ። መምህሩ በፖስታ ወደ ውጭ ላከው፤ እኛ አገር የሚያጥበው አልነበረም። ከዚያ መጠበቅ ነው። ዝናቡ ጀማመረ። የዝውውሩ ወሬ ጠነከረ። ሽማግሌዎቹ ደግመው መጥተው እናቴን «እንግዲህስ?» አሏት፤ እሷም ነጠላዋን አንገቷ ሥር እያጠበቀች «ሳወልቅ ታያላችሁ» አለቻቸው። የዚያን ቀን እውነቴን ነው፣ ተስፋ ቆረጥኩ። እሱ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፣ እኔም እሷም እዚህ በጥቁራችን እንቀራለን አልኩ።

ፊልሙ የመጣ ዕለት ለበዓሉ ከማሳየታችን በፊት ቤት ውስጥ እንየው ተባባልን። ከሰዓት በኋላ ነው፤ የአባቴን ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደን መኪናውን በኖራ ወደተቀባው ግድግዳ አዞርነው። ጎረቤታችን ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ እናቴ የአልጋው ጠርዝ ላይ፣ እኔ ከጎኗ። መምህሩ መኪናውን አስነሳው።

ሄደ! ያ ግንባሩ የተሰነጠቀው ሙሽራ በገዛ እግሩ ሄደ! እኔ ራሴ በእጄ ፈቀቅ ሳደርገው የከረምኩት ሴትዮ ጮህኩ። ጎረቤታችን «ቢስሚላህ! ዐይኑን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ የለሁበትም!» አሉ። ደመናው ሲመጣ ሲሄድ ስለነበር ብርሃኑ ይጨልማል ይበራል። ጅቡ ከግራ ብቅ ብሎ ሰርገኛውን እንደ ሰፈር ሰው አየት አድርጎ እያነከሰ አለፈ። እናቴ ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ያንን ሳቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ! ግድግዳውን ትቼ እሷን አየሁ።

ድንገት ሰርገኛው በሙሉ ተንቀጠቀጠ።

«ውይ! ምን ሆነው ነው?» አለች እናቴ።

«እርስዎ ገብተው ነው እመይቴ» አለ መምህሩ አፍሮ። «እኔ ስነሳ ጠረጴዛውን እየመታሁት ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። ያኔ ነው ከኋላ የቆመችውን ያየኋት። ከመንቀጥቀጡ በኋላ የሙሽሪት እናት ጥለት ወደ ላይ ወጥቷል። ጥቂት ቆየና፣ ምንም ሳይንቀጠቀጥ፣ ወደ ታች ወረደ። ደግሞ ሰርገኛው ተንቀጠቀጠ፤ ጥለቱ ወጣ። ደግሞ ዝም ባለበት ወረደ። ሴትዮዋ ልታልቅስ ወይ ልትድር መወሰን አቅቷት ከራሷ ነጠላ ጋር የምትከራከር ትመስላለች።

«አንቺ ነሽ ለካ የምታወርጂው!» አለች እናቴ ወደ ምንጣፉ ዞራ።

«አንቺ ነሽ የምትሰቅዪው! የሰው ሰርግ ልታበላሺ!» አሉ ጎረቤታችን።

«ባሏ ሞቶባታል አልኩሽ!»

«ልጇ ልትዳር ነው አልኩሽ!»

መምህሩ «እባካችሁ፣ ሊያልቅ ነው» አለ። ሙሽራው ደጃፉ ላይ ደርሷል። ሚዜዎቹ ግራና ቀኝ ቆመዋል። የሙሽሪት እናት ልትቀበለው ፊቷን ወደ ውጭ አዙራለች፤ ጥለቷ አንገቷ ሥር ነው። ያን ጊዜ ትልቅ መንቀጥቀጥ መጣ፤ ሙሽራው ሊደፋ ምንም አልቀረው። መንቀጥቀጡ ሲያልፍ የሴትዮዋ ጥለት ወርዷል። እንደወረደ ቀረ። ፊልሙ አለቀና ግድግዳው ነጭ ሆነ።

«ይኸው፣ ይኼንንም አንቺው ነሽ» አለች እናቴ ፈጥና።

ጎረቤታችን ቀስ ብለው ዞሩና፣ «እህቴ፣ እኔ ስገባ መሬት አይንቀጠቀጥም» አሉ።

መኪናው ብቻ ነው ባዶውን የሚሽከረከረው። እናቴ ጉልበቷ ላይ ያለውን እጇን ታያለች።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች በመጨረሻ፣ እንደ መቆጣት ብላ። «ሰውየው በር ላይ ደርሶ ቆሟል። ለቅሶ ላይ እንዳለች ሴት ሆና ትቀበለው? ምን ያደረገ ልጅ ነው?»

«አንቺስ እማዬ?» አልኳት። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

ቀና ብላ በመጀመሪያ የአባቴን ባርኔጣ፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። «እኔማ!» አለች። «እኔማ ያንን የመሰለ ነጠላዬን ቆራርጣችሁ ለጭቃ አልብሳችሁታል። ለሰርግሽ ምን ልልበስ?»

ማን ቆረጠው የሚል ሰው አልተገኘም። ጎረቤታችን እልልታቸውን አቀለጡት። እኔ እናቴ አንገት ላይ ተጠምጥሜ እየሳቅኩ አለቀስኩ። መምህሩ ማንም ሳይገባ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለና መኪናውን በጉልበቱ ገለበጠው።

«በእግዜር» አለች እናቴ። «ይቀመጡ መምህር። ቀኑን እንቁረጥ።»